ቀስ ብሎ ማሞቅ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የልብና የሳንባን ሥራ ተክቶ የሚሠራውን ማሽን ሲዘውር የኖረው ጡረተኛ፣ ዛሬ እንደ ማንኛውም አስታማሚ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ውጭ አግዳሚ ላይ ተጎልቷል። ውስጥ የተኛችው ሚስቱ ናት። ሐኪሙ እቅጩን ነግሮታል፦ "ልቧን አልፈራም። ኩላሊቷ ግን ድሮም ደክሟል፤ ዛሬ ከተጎዳ ዕድሜ ልኳን እጥበት ላይ ልትቀር ትችላለች።"

ያ ደግ ዘመን ትዝ አለው። ልቡ ቆሞ የሚሰፋለት ሰው ሰውነቱ መቀዝቀዝ ነበረበት፤ ለዚያ የሚሆነውን በረዶ ጠዋት ጠዋት በባልዲ ተሸክሞ እየመጣ በመዶሻ ይከሰክሰዋል። ነርሶቹ "በረዶ ነጋዴው መጣ!" ብለው ይሳሳቃሉ፤ ቀዶ ሐኪሙ እየሰፋ ያፏጫል። እንዴት ይናፍቃል መሰላችሁ!

ናፍቆቱ ግን ልቡን ሊታከም የመጣ አንድ ልብስ ሰፊም ይዞበት ይመጣል። ልብስ ሰፊው ቀዶ ሕክምና በተደረገለት ቀን ሥራው ሊያልቅ ሲል ሐኪሙ፣ "አሙቀው እንጂ፣ ምሳ ሊያመልጠን ነው!" አለ። ጎረምሳ መወደድ ሲፈልግ የማያደርገው የለም፤ የማሽኑን ሙቀት ባንዴ ከፍ አደረገው። በሰውየው አፍንጫ ውስጥ ያለው የሙቀት መለኪያ ሠላሳ ሰባት ሲል "ጎበዝ!" ተባለ። ወደ ሰውነቱ የሚገባው ደም ግን ከዚያ በላይ ግሎ ነበር። የሰውየው ልብ ደህና መታ፤ ኩላሊቱ ግን ሥራ አቁሞ ሽንቱ ጠብ ሳይል ቀረ። በሳምንቱ ዐረፈ።

"ሰበቡ ብዙ ነው" ብለው ቢያጽናኑትም ከሆዱ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ማንም ቢቆጣ ሰዓቱን እያየ፣ ዲግሪ በዲግሪ ነበር የሚያሞቀው። "ጋሽ ቀስታ" የሚል ስም ወጣለት። አምሽቶ ሲገባ ሚስቱ፣ "አንተ እዚያ ቀስ በል፣ እኔ እዚህ እራት እየደጋገምኩ ላሙቅ" እያለች ትቀልድበት ነበር።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተና ማሽኑን አሁን የምትዘውረው፣ እሱው ያስተማራት ሴት ወጣች።

"ጋሼ፣ በሰላም አልቋል።"

"ለማሞቅ ስንት ደቂቃ ፈጀብሽ?"

"አርባ አምስት። ሐኪሙ ሲጮህብኝ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ከእርስዎ የተማርኩት እሱን አይደል?"

"ሽንቷስ?"

"እሱን እስከ ነገ ጠብቀን ነው የምናውቀው፣ ጋሼ።"

በማግስቱ ጠዋት፣ ለመተንፈስ የሚረዳት ቱቦ ከጉሮሮዋ እንደ ወጣ አስገቡት። ቀጥ ብሎ ወደ አልጋው ሄደና ጎንበስ ብሎ ከሥሩ የተንጠለጠለውን የሽንት ከረጢት አየ። ከግማሽ በላይ ሞልቷል፤ ጥርት ያለ ቢጫ ነው። "ተመስገን፣ ተመስገን" እያለ ወለሉ ላይ ቁጭ አለና ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ለሚስቱ ይሁን ለልብስ ሰፊው፣ እሱም አልለየውም።

ከአልጋው ላይ የሰለለ ድምፅ መጣ።

"አንተ ሰውዬ" አለች ሚስቱ፣ "እኔ እኮ ወዲህ ነኝ።"