ቆጣሪዋና አባቷ

ሰዉ «ቆጣሪዋ» ይላታል። በአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ፣ ቤተሰቦች የካርበን አሻራቸውን እንዴት እንደሚቀንሱ ታስተምራለች። ቤቷ ስትገባ ግን ማስተማሩ ቀርቶ ማሳደዱ ይጀመራል። ከሳሎን ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት መታጠቢያ ቤት፤ አንዱን ታጠፋለች፣ ሌላውን ትነቅላለች። የከተማው መብራት የሚመጣው ከሰል ከሚያነድ ማመንጫ ስለሆነ፣ የበራ አምፖል ባየች ቁጥር የሚታያት ጭሱ ነው። መኪናዋን ሸጣለች፣ ሥጋ ቀንሳለች፣ ልብስ የምታጥበው በቀዝቃዛ ውሃ ነው። ተረጋግታ ተቀምጣ የበላችበትን ቀን ግን ራሷም አታስታውሰውም።

ይህ ሁሉ ሆኖ የቤቷ ፍጆታ አልወርድ አላት። ምክንያቱ ደግሞ አባቷ ናቸው። ጡረታ የወጡት ልብስ ሰፊ፣ ሚስታቸው ከሞቱባቸው ወዲህ ከእሷ ጋር ነው የሚኖሩት። ከሥራ ስትመለስ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ የክፍላቸው አምፖል በርቶ፣ መስኮቱ ተከፍቶ ማሞቂያው እየሠራ፣ ሬዲዮው እየጮኸ ታገኘዋለች።

«አባዬ፣ ምነው? ትናንት ተነጋግረን አልነበር?»

«እርጅና ነው፣ ልጄ።»

አጥፍታ ትወጣለች። እጇን ታጥባ ሳትጨርስ ሬዲዮው እንደገና ይለፈልፋል፤ ተመልሳ ትገባለች። መከረች፣ ለመነች፤ እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ።

ወሬው መሥሪያ ቤት ደረሰ። ባልደረቦቿ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» እያሉ ሲስቁባት በጆሮዋ ሰማች። በዚያ ላይ ቤቷን በአርአያነት ሊጎበኙ ቀን ቆርጠዋል። ብትቀመጥ ብትነሣ እረፍት አጣች፤ በመጨረሻ ከከተማው ማዶ ለሚኖረው ወንድሟ ደወለች። «አባዬን አንተ ጋ ውሰዳቸው፣ እኔ አልቻልኩም» አለችው። አባቷ ሲነገራቸው «እሺ» ብቻ አሉ።

ወንድሟ በሚመጣበት ቀን ልብሳቸውን ልትሸክፍ ከሥራ ቀደም ብላ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ጠዋት ጠዋት ብቻ የምታነበውን ቆጣሪ ቀና ብላ አየችው። ጠዋት ካየችው ቁጥር ንቅንቅ አላለም ማለት ይቻላል። ተበላሽቶ ይሆን ብላ መታ መታ አደረገችው። መቼም ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

በሩን ቀስ ብላ ከፍታ ገባች። የአባቷ ክፍል ገርበብ ብሏል። ካፖርታቸውን ደርበው፣ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ተቀምጠዋል። አምፖሉ ጠፍቷል፣ ማሞቂያው ተነቅሏል፣ ሬዲዮው ጭጭ ብሏል።

በዚህ መሐል ስልኳ ጮኸ። ወንድሟ ነበር፤ «ደርሻለሁ፣ ታች ነኝ» አላት።

ሽማግሌው የስልኩን ድምፅ ሲሰሙ ጉልበታቸውን ይዘው ብድግ አሉ። አምፖሉን አበሩ፣ ማሞቂያውን ሰኩ፣ መስኮቱን ወለል አደረጉ፣ ሬዲዮውን አስጮኹት። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡና በሩን በሩን ያዩ ጀመር።

ገብታ ሬዲዮውን ዘጋችው። «አባዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

አቀረቀሩ። «ካላበራሁት ወደዚህ ክፍል አትገቢም» አሉ። «ልታጠፊ ስትመጪ ትቆጪኛለሽ፤ ቢሆንም ድምፅሽን እሰማለሁ።»

«እና ቀኑን ሙሉ በብርድ ነው የሚቀመጡት?»

«አንቺ በሌለሽበትማ ለምን አባክናለሁ? ያስተማርሽኝን እኮ አልረሳሁም።»

እፍረቱ ፊቷን አቃጠላት። ስንቱን ቤት አንኳኩታ ስታስተምር፣ ከሁሉ የበለጠው ተማሪዋ ግድግዳ ለግድግዳ ተቀምጦ ኖሯል። ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«አንሺው» አሉ አባቷ፣ «ወንድምሽን አታስጠብቂው።»

ስልኩን አነሣችው። «ና ወደ ላይ ውጣ» አለችው፣ «አባዬ የትም አይሄዱም።»

ከዚያ መስኮቱን ዘጋች፣ አምፖሉን አጠፋች። አባቷ ልትወጣ ነው ብለው በሩን አዩ።

«ማሞቂያው ቀርቷል» አሉ፣ «እሱን አጥፍተሽ ሂጂ እንጂ።»

«በርዶዎታል እኮ፣ አባዬ» አለችና አጠገባቸው ተቀመጠች።