ከግራ ወንበር የተለካ

በጥቅምት ወር ብቻ የሰብሳቢ ዳኛዋ ወንበር አርባ አንድ ሳንቲ ሜትር ከፍ አለ። ይህን የምለው በግምት አይደለም። በየጠዋቱ ችሎት ከመሰየሙ በፊት በልብስ ሰፊ ሜትር ለክቼዋለሁ፤ አንዱን ጫፍ ከራሴ ወንበር ክንድ ማሳረፊያ ላይ፣ ሌላውን ከእሷ ላይ አድርጌ።

ችሎታችን የፍትሐ ብሔር ችሎት ነው፤ ሦስት ዳኞች አሉት። ሰብሳቢዋ ምንትዋብ ይርዳው መሐል ትቀመጣለች። በቀኟ በማዕረግ ሁለተኛ የሆነው ፈይሳ ጎበና፣ በግራዋ ደግሞ እኔ። ለፍርድ ስንመካከር ሐሳብ መስጠት የሚጀምረው የበታቹ ነው፤ የበላዩን ሰምቶ እንዳይፈራ ተብሎ የቆየ ልማድ ነው። ስለዚህ ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት መጀመሪያ የምናገረው እኔ ነኝ። የመጨረሻው ቃል የእሷ ነው።

ምንትዋብና እኔ ቃለ መሐላ የፈጸምነው በአንድ ቀን ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለን የውርስ ሕግን ያጠናችው ከእኔ ደብተር ነው፤ ደብተሩንም አልመለሰችም። ሰብሳቢ ሲሾም ጉባኤው እሷን መረጠ። እጇን ጨብጬ እንኳን ደስ አለሽ አልኳትና ቤቴ ሄጄ ሁለት ቀን እህል ሳልቀምስ ዋልኩ። ቀንቼ ነበር። አሁንም እቀናለሁ። ዳኛ ነኝና ማስረጃ መደበቅ አይሆንልኝም።

በኅዳር ወር ሁለት የልብስ ሰፊ ሜትሮችን ቀጣጥዬ መለካት ጀመርኩ። ጣሪያው ጨዋ ነው፤ እንዳትነካው አብሯት ከፍ ይላል። ፈይሳም አብሮ ከፍ አለ፤ አድርባይነቱን ስለማውቅ አልገረመኝም። በዚያ ሰሞን ባለጉዳዮችም ሁሉ ቁመታም ነበሩ። ማታ ማታ ከወንበሬ ተነሥቼ ወደ በሩ ስሄድ ዳገት ይሆንብኝ ጀመር፤ ዕድሜ ነው አልኩ።

ሬጅስትራሩን አቶ ዘርጋውን ጠራሁት።

«የሰብሳቢዋን ወንበር ማነው ከፍ የሚያደርገው?»

«ማንም ጌታዬ። ድሮ ንብረት ክፍል የሰጠን ወንበር ነው።»

«ቁመቱስ?»

«ያው እንደነበረ ነው።»

ዘርጋው ይህን ሲነግረኝ ወገቡን ይዞ እጅግ ጎንበስ ብሎ ነበር። ለማዕረጌ አክብሮት መስሎኝ ደስ አለኝ።

ምንትዋብ ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን ከጠረጴዛው ሥር ጫማዋን ታወልቃለች። ባዶ እግሯን ሆና፣ ጣቶቿን እያንቀሳቀሰች ታስችላለች። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ከኅዳር ወዲህ እግሮቿ ከፊቴ ትክክል ናቸው።

«አንተ፣ አንገትህን ያምሃል እንዴ?» አለችኝ አንድ ቀን። «ቀና ቀና ትላለህ።»

«ደህና ነኝ።»

«ትራስ ላምጣልህ? ከሥርህ ብታደርገው…»

ከዚያ ሁሉ ከፍታ ላይ ሆና ለእኔ ትራስ ታስባለች! ደሜ ፈላ። የዚያን ቀን እሷን ከዚያ ወንበር ሳላወርድ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ አወቅሁ።

በታኅሣሥ የወይዘሮ አመለወርቅ ጉዳይ ለፍርድ ደረሰ። ሟች ባለቤታቸው ቤቱን በኑዛዜ ትተውላቸዋል፤ የሟች የወንድም ልጅ ኑዛዜው ይፍረስልኝ ብሎ ከሷል። አራቱም የኑዛዜው ምስክሮች ቀርበው ቃላቸውን ሰጥተዋል። ኑዛዜው ትክክል እንደሆነ አውቃለሁ። ምንትዋብም ለሴትዮዋ ልትፈርድ እንደሆነ ከጥያቄዎቿ ገብቶኛል። ፈይሳ ደግሞ መጀመሪያ የተነገረውን ሐሳብ ይወዳል፤ ሁለተኛ ከማሰብ ያድነዋል።

አዳራሹ ውስጥ ያለውን ሰው አስወጥተን እዚያው በየወንበራችን ተመካከርን። እንደ ልማዱ እኔ ጀመርኩ።

«የሦስተኛው ምስክር ፊርማ ከሌሎቹ በተለየ ቀለም ነው። ኑዛዜው ይፍረስ።»

«ሰውየው እኮ ቀርቦ ፊርማዬ ነው ብሏል» አለች ምንትዋብ ከላይ።

«ቀለሙ የተለየ ነው።»

«እስማማለሁ» አለ ፈይሳ።

ሁለት ለአንድ ሆነ። በድምፅ የተበለጠ ሰብሳቢ ያላመነበትን ፍርድ ራሱ ያነባል፤ የልዩነት ሐሳቡን ከሥር ያሰፍራል። ባለጉዳዮቹ ተመልሰው ሲገቡ ምንትዋብ አነበበች። ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁና ልቤ ቅቤ ጠጣ። አሁን ትወርዳለች ብዬ ሜትሬን አወጣሁ። አራት ሜትሮች ቀጣጥዬም አልደረሰልኝም።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ወይዘሮ አመለወርቅ ብቻ ቀሩ። ወደ እኔ መጡና ተንበረከኩ። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብስበው በሆዳቸው ተኙና ቁልቁል አዩኝ።

«ይግባኝ ማለት ይችላሉ፣ እማማ» አልኩ።

«እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፤ ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል?» አሉ። ቀጥለውም፣ «ጌታዬ፣ የምጠራልዎ ሰው አለ?»

«ለምን?»

«ወንበርዎ ወለሉን አልፎ እየወረደ ነው።»

«እየወጣ ያለው የሰብሳቢዋ ነው። ለክቼዋለሁ።»

«የሳቸውማ ካለበት ንቅንቅ አላለም። ከመስከረም ጀምሬ እየተመላለስኩ አይቻለሁ።»

የሜትሩን ጫፍ ከራሴ ወንበር ሌላ ነገር ላይ አሳርፌው አላውቅም ነበር። ወለሉ ላይ ላሳርፈው እጄን ዘረጋሁ። ወለሉ ከራሴ በላይ ነበር።

«በሕግ አምላክ!» አልኩት ወንበሩን። በሕግ አምላክ ሲባል ወራጅ ውሃ እንኳ ይቆማል። ወንበሩ አልቆመም።

«ኑዛዜው ትክክል ነው!» ብዬ ወደ ላይ ጮህኩ። «እማማ፣ ቤቱ የእርስዎ ነው!»

«ፍርዱ እኮ ተነበበ፣ ጌታዬ» አሉ ወይዘሮ አመለወርቅ በደከመ ድምፅ፤ ተነሥተውም ሄዱ።

ወንበሩ ሌሊቱን ሁሉ ሲወርድ አድሮ በቀስታ አረፈ። ጥቁር ካባ የለበሱ ዳኞች በረድፍ ተቀምጠው ነበር፤ ሁሉም የሜትራቸውን አንድ ጫፍ ከየወንበራቸው ክንድ ላይ አሳርፈዋል። ከእኔ በፊት በግራ ይቀመጥ የነበረውን ዳኛ አወቅሁት። ጡረታ ወጥቷል ተብለን ነበር።

«ሰብሳቢዋ ስንት ደረሰች?» አለኝ ሰላም ሳይለኝ።

«ልማድ ይጠበቅ እንጂ» አለ ከኋላው ያለው ሽማግሌ። «አዲሱ የበታች ነው። እሱ ይጀምር።»

ሁሉም ቀና አሉ፤ እኔም ቀና አልኩ። ሰዓቴ ከጠዋቱ አራት ይላል። እጅግ ከፍ ብሎ መሐረብ የሚያህል ብርሃን ይታያል፤ በብርሃኑ ውስጥ ሁለት ባዶ እግሮች ጣቶቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ሜትሬን ዘረጋሁ።