ሦስት መቶ ሜትር ከመሬት በታች

አማቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት ክሬን ላይ ነው። ጡረታ ወጥተው እኛ ዘንድ ምድር ቤት ሲገቡ፣ በየቀኑ አራቱን ፎቅ እየወጡ ጣሪያው ላይ መቀመጥ ጀመሩ። ባለቤቴ የወሰደቻቸው ሐኪም ልባቸውን አዳምጦ ደረጃ ከለከላቸው። ባለቤቴም ለአባቷ ቁርጡን ነገረቻቸው፦ «አንድ ቀን ወጥተህ ባገኝህ እህቴ ጋ ትሄዳለህ።» የእህቷ ቤት ደጃፉ ላይ እንኳ ደረጃ የለውም። በመስኮቱ የሚታየውም የጎረቤት ግንብ ነው።

የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቅ ስላለኝ፣ ጠባቂ መሣሪያ እንድሠራ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። የአየር ግፊት የምትለካ፣ ምስር የምታክል ሴንሰር አለች። ወደ ላይ ሲወጡ አየሩ ይሳሳል፤ እሷ የሳሳውን ወደ ሜትር ትመነዝራለች። ዝናብ ሲመጣ ሲሄድ ግን ግፊቱ ስለሚለዋወጥ የተቀመጠውንም ሰው ወጣ ትለዋለች። ስለዚህ መንትያዋን ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጬ የሁለቱ ልዩነት ብቻ ወደ ባለቤቴ ስልክ እንዲሄድ አደረግኩ። አንዷን በአማቴ የደረት ኪስ ውስጥ ሰፋሁ። ደብቄ አይደለም፤ ቀዳዳዋን አሳይቼ «በዚህች ነው የምትተነፍሰው» ብያቸዋለሁ። ያን ማለት አልነበረብኝም።

አንድ ቀን ሱቄ ሳለሁ ባለቤቴ ከመሥሪያ ቤቷ ደወለች።

«አባዬ ከመሬት በታች ሦስት መቶ ሜትር ነው።»

«እንዴት ተደርጎ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? የሠራኸው አንተ!»

ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። አማቴ ሶፋው ላይ ናቸው፤ ትንፋሻቸው ግን ገና ደረጃው ላይ ነው። ሴንሰሯን አወጣሁ። ቀዳዳዋ በማስቲካ ተደፍኗል። ውስጥ የታፈነው አየር በደረታቸው ሙቀት ሲያብጥ፣ መሣሪያው ግፊቱ መጨመሩን አይቶ ሰውየው ጉድጓድ ገቡ ብሏል።

«አባባ፣ ማን ደፈነው?»

«አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ነው።»

«ከመሬት በታች ሦስት መቶ ሜትር ነዎት ይላል።»

«ታዲያ ቀብሬ ላይ ለምን ቀረህ?»

ማስቲካውን በጥፍሬ እየፋቅኩ ጠበቅኳቸው። ዝም ሲሏቸው ይናገራሉ።

«ማዶ ሕንፃ እየሠሩ ነው። ክሬኑ ላይ ያለው ልጅ ጭነቱን እንደ እንዝርት ያሾረዋል። ሰው ይገድላል።»

«ጣሪያ ላይ ሆነው ምን ያደርጋሉ ታዲያ?»

«እቆጣዋለሁ።»

«ይሰማል?»

«አይሰማም። እኔ ግን ተቆጥቻለሁ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ለእሷ አትንገራት፣ ልጄ። እዚያ ከላካችሁኝ ግንብ እያየሁ ነው የምሞተው።»

ባለቤቴ ከነቦርሳዋ ገባች።

«ወጥቷል አልወጣም?»

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ልዋሽ ፈልጌ ነበር፤ አፌ እሺ አላለኝም። «ወጥተዋል» አልኩ።

አማቴ ቀና ብለው አላዩኝም። ሻንጣቸውን አወጡና ልብሳቸውን ማጣጠፍ ጀመሩ፤ መጀመሪያ የሥራ ቱታቸውን።

ባለቤቴ እህቷ ቤት ድረስ መንገዱን ይችሉት እንደሆነ ልትጠይቅ ለሐኪሙ ደወለች። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍታ መውጣታቸውን ነገረችው።

«አራት ፎቅ ወጥተው ደረታቸውን አላመማቸውም?» አለ ሐኪሙ።

«አላመመኝም!» አሉ አማቴ ከሻንጣው ዘንድ።

«እንግዲያው በየፎቁ እየተቀመጡ ይውጡ። እኔ የከለከልኩት በአንድ ትንፋሽ መውጣትን ነው። ያን ቀንም ይህንኑ ልናገር ስል እኮ፣ እርስዎ እጃቸውን ይዘው ወጡ።»

ባለቤቴ ስልኩን ዘጋችና ቦርሳዋን አስቀመጠች።

«አባዬ፣ ቱታውን ቦታው መልሰው።»

መሣሪያውን አንድ ፎቅ ወጥተው ሳያርፉ ከቀጠሉ እንዲጮህ አስተካከልኩት። ባለቤቴ የገበታውን ወንበሮች በሙሉ አውጥታ በየፎቁ አንዳንድ አስቀመጠች። አማቴ ጠዋት ጠዋት እያረፉ ወጥተው ልጁን ይቆጡታል። እኛ እራት የምንበላው ቆመን ነው።