ቅጥር እናት

ሰው ለገዛ እናቱ ምትክ ሲቀጥር መጀመሪያ የሚያየው ምኗን ነው?

ቀማሿ ይህን ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ ስታኝከው ከርማ መልስ አላገኘችለትም። አሁንም ከመንገዱ ማዶ ቆማ የታናሽ ወንድሟን ምግብ ቤት እያየች ታኝከዋለች። ከመስኮቱ መስታወት ኋላ፣ ዱቄት በተነሰነሰበት ጠረጴዛ ላይ፣ ሞላ ያሉ፣ ጉንጫቸው የሚያበራ ሴትዮ ሊጥ ያሻሉ። ከራሳቸው በላይ “እማማ ቤት” የሚል ትልቅ ጽሑፍ አለ፤ ከሥሩ አነስ ባለ ፊደል “የልጅነቴ ማዕድ፣ በእናቴ እጅ” ይላል። ሁለት ወጣቶች ጀርባቸውን ለመስታወቱ ሰጥተው ከሴትዮዋ ጋር ፎቶ ይነሳሉ።

ሴትዮዋ የባለቤቱ እናት አይደሉም። የባለቤቱ እናት ከቀማሿ ጎን ቆማ፣ ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ወሽቃ፣ መኪናው ጋብ እስኪልላት ትጠብቃለች።

“ያቺ ሊጥ የምታሻው ማን ናት?” አለች እናቷ ዓይኗን አጥብባ።

“ሠራተኛ ትሆናለች።”

“ጌጠኛ ሠራተኛ ናት። ሊጡን ግን እየደባበሰችው ነው እንጂ እያሸችው አይደለም።”

“አንቺ ደግሞ ስለ ሊጥ ምን ታውቂያለሽ?”

“ምንም። ሥራ የሚሠራና ሥራ የሚመስል ግን አውቃለሁ።”

ስለ ሊጥ ምንም አለማወቋ እውነት ነው። ልብስ ሰፊ ናት። ሁለቱን ልጆቿን ያሳደገችው በስፌት መኪና እንጂ በድስት አይደለም። ድንች ስትቀቅል ወይ ድንጋይ ይሆናል ወይ ጭቃ። ሾርባ ሲያርርባት “ጥቁር ነገር ደም ያበዛል” ብላ ታቀርበዋለች፤ ልጆቹም ደም እንዲበዛላቸው ሳይሆን ሌላ ስለሌለ ይበሉታል። እንግዲህ የልጅነት ማዕድ የተባለው ይኸው ነው። ወንድሟ ዓይኑን በጨው አጥቦ ይህንን በወርቅ ቀለም አጻፈው።

ቀማሿ የሚለውን ስም ያወጡላት የምትጽፍበት ድረ ገጽ ባልደረቦቿ ናቸው። ባሕር ማዶ ፍልስፍና ተምራ ተመለሰችና፣ ፍልስፍናው የማይበላ ሆኖ ሲገኝ ስለሚበላ ነገር መጻፍ ጀመረች። በየሳምንቱ አንድ ሰፈር መርጣ “ሊሞክሯቸው የሚገቡ ሰባት ምግብ ቤቶች” ታወጣለች። የዚህ ሳምንቱ ሰፈር ከየአገሩ የመጣ ሰው ተደባልቆ የሚኖርበት፣ በአንድ ግድግዳ ላይ አምስት ዓይነት ፊደል የሚነበብበት ነው። ድሮ ሰው እዚህ የሚመጣው ጫማ ሊያሰፋ፣ ቅመም ሊገዛ፣ ጸጉሩን ሊቆረጥ ነበር። አሁን የሚመጣው ድሮ ሰው ጫማ ያሰፋበት ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ለመብላት ነው።

ስድስቱን ጨርሳለች። አንዱ ጎማ ቤት የነበረ ነው፤ “ጎማ ይነፋል” የሚለውን ጽሑፍ ሆን ብሎ ትቶታል፣ ቀዝቃዛ ሾርባም በዘይት ጣሳ ያቀርባል። ጎማ ይነፋ የነበረው ሰውዬ ዛሬ ደጁ ላይ የተመጋቢ መኪና ይጠብቃል። ሌላው መብራት አጥፍቶ ያበላል፤ ምግቡ እንዳይታይ ይሁን ሂሳቡ እንዳይታይ አልለየለትም። አንዱ ዳቦውን ሆን ብሎ ያሳርራል። ያንን ስትቀምስ እናቷ ከዘመኗ ቀድማ የተወለደች ባለሙያ እንደነበረች ገባት። ሁሉንም “ደፋር”፣ “ሐቀኛ”፣ “ነፍስ ያለው” ብላ ጽፋላቸዋለች። ሾርባ እንዴት ሐቀኛ እንደሚሆን ግን ብትጠየቅ መልስ የላትም።

ሰባተኛው ቦታ ባዶ ነው። “ላንተ ይዤልሃለሁ” ብላ ለወንድሟ ቃል ገብታለታለች። ቃል የገባችው ግን መስኮቱ ላይ ያሉትን ሴትዮ ከማየቷ በፊት ነው።

እናቷን ዛሬ ያመጣቻት ጎትታ አይደለም። “ልጄ ምግብ ቤት ከፍቶ እኔ ከሰው አፍ ልስማ?” ስትል ወራት ሆኗታል፤ እሱ ደግሞ “ትንሽ ይረጋጋ፣ እማዬ” እያለ ያቆያታል። ቀማሿ አስቀድማ ልትነግራት ደጋግማ አፏን ከፍታ ደጋግማ ዘጋችው። እሱ ይንገራት፣ አለች በሆዷ። አፍ አለው።

በሩ ላይ የቆዳ ሽርጥ ያገለደመ አስተናጋጅ ተቀበላቸው።

“ቦታ አስይዛችኋል?”

“ልጄ ቤት ለመምጣት ቦታ ላስይዝ?” አለች እናቷ። “ጉድ እኮ ነው!”

አስተናጋጁ ቀልድ መሰለውና ሳቀ። ወንድሟ ግን ከወጥ ቤቱ በር ብቅ ሲል ፊቱ እንደ ዱቄቱ ነጣ። እናቱን አቅፎ ሳማት፤ እየሳማት በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ከመካከለኛው ጠረጴዛ የተቀመጡትን ሁለት እንግዶች ያያል። ከዚያም ክንዷን ይዞ ከምሰሶው ኋላ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ ወዳለች ጠባብ ጠረጴዛ ወሰዳት።

“እዚህ ይሻልሻል፣ ነፋስ የለውም።”

“ሽታ እንጂ” አለች እናቷ እየተቀመጠች።

እህቱን እጇን ይዞ ወደ ጎን ሳባት።

“ሳትነግሪኝ?”

“እናትህ ናት። ቀጠሮ ያስፈልጋታል?”

“ዛሬ! ከቀን ሁሉ ዛሬ! እነዚያን አየሻቸው? ሁለተኛ ቤት አብረውኝ ሊከፍቱ ነው። ዛሬ እሺ ካሉ አለቀ።”

“ሁለተኛ ቤት ስትከፍት ሁለተኛ እናት ልትቀጥር ነው?”

“ቀስ በይ እንጂ፣ እህት ዓለም! ሁሉም የሚያደርገው ነው። ሰው ምግብ አይደለም የሚገዛው፣ ታሪክ ነው። ደግሞ ‘ይህ ሰፈር የእናት እጅ ይጎድለዋል’ ብለሽ የጻፍሽው አንቺው ነሽ።”

“የእናት እጅ አልኩ እንጂ የሰው እናት አልኩ?”

“ታዲያ እማዬን መስኮት ላይ ላስቀምጣት? ድንች የማይበስልላትን ሴት?”

ቀማሿ አየችው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይላሉ፤ ይህ ግን ዥንጉርጉር ብቻ አይደለም፣ የተንቦጫረቀ ነው።

“ድንቹን ተወው” አለችው። “ሴትዮዋም ይቀመጡ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅህ፤ ዛሬ ማንም ‘ይቺ ማን ናት?’ ካለህ ‘እናቴ ናት’ በል። ሁለት ቃል። ሰባተኛው ያንተ ነው።”

“ይሄማ ምን ችግር አለው!” አለ፣ ትከሻዋን ቸብ አድርጎ። “እናቴ አይደለች እንዴ?”

ወደ ጠረጴዛው ሲመለሱ ወንበሩ ባዶ ነው። እናቷ መስኮቱ ጋ ደርሳለች።

ሴትዮዋ የለበሱት ውሃ ሰማያዊ፣ ነጫጭ አበባ የተረጨበት ቀሚስ ነው። እናቷ ለወንድ ልጇ ምርቃት ብላ ጨርቁን ራሷ መርጣ፣ ራሷ ሰፍታ፣ ያን ቀን ለብሳ የመረቀችበት ቀሚስ። ለወራት ቁም ሳጥኑን ስታተራምስ፣ “እርጅና ነው፣ የት እንዳኖርኩት ጠፋኝ” ስትል የከረመችበት።

ቀማሿ ተከትላት ስትደርስ እናቷ የቀሚሱን ጎን በጣቶቿ ይዛ ታገላብጣለች።

“ይህን ማነው እንዲህ የጨፈጨፈው?”

“ጠቦኝ ነው፣ እትዬ” አሉ ሴትዮዋ፣ ሊጡን ሳይለቁ። “ተርትረው አሰፉት። የታችኛውን እጥፋት እዚሁ ወጥ ቤት ያለው ልጅ በሙጫ ለጠፈው።”

“በሙጫ? ልብስ በሙጫ?”

“እኔም ብያቸዋለሁ። ስቀመጥ ይንኮሻኮሻል።”

እናቷ ከቦርሳዋ መርፌና ክር አወጣች። ያለ እነሱ ከቤት አትወጣም። ወለሉ ላይ ተንበረከከችና የተለጠፈውን በጥፍሯ እያላቀቀች ትሰፋ ጀመር።

“እማዬ፣ ተነሽ” አለች ቀማሿ በሹክሹክታ።

“ተይኝ። እጄ ያረፈበት ልብስ እንዲህ ሆኖ ሰው ፊት አይቆምም።”

ሴትዮዋ ጨዋታ የጠማቸው ነበሩ። ከጠዋት ጀምሮ ፈገግ ይላሉ እንጂ ያናገራቸው የለም።

“ይኸው ሊጥ የትላንትናው ነው” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “አይጋገርም፤ እኔ ማሸት ብቻ ነው። ወጥ ቤቱን እንኳ በቅጡ አላየሁትም። ሽንኩርት ዓይኔን ያቃጥለኛል።”

“ታዲያ ምን አይቶ ቀጠረዎት?” አለች እናቷ፣ ክሩን እየሳበች።

“የሳሙና ማስታወቂያ ላይ አይቶኝ ነው። ሲመጣ ‘እጅዎን ያሳዩኝ’ አለኝ። አገላብጦ፣ አገላብጦ፣ ‘የእናት እጅ ማለት ይህ ነው’ አለኝ።” ሴትዮዋ ወፍራም፣ ለስላሳ እጃቸውን ዱቄቱ ላይ ዘርግተው ሳቁ። “እኔ እኮ አልወለድኩም። እርስዎስ፣ ልጅ አለዎት?”

የእናቷ መርፌ ቆመ። የገዛ እጇን አየች። አመልካች ጣቷ በመርፌ ተወግቶ ተወግቶ እንደ ብስኩት ተበሳስቷል፤ አውራ ጣቷን መቀስ አጣምሞታል።

“ሁለት አሉኝ” አለች።

“እዚሁ ከተማ?”

“ቅርብ ናቸው” ብላ ስፌቷን ቀጠለች።

ወንድሟ ሁለቱን እንግዶች አስከትሎ የመጣው ይህን ጊዜ ነው። ሰውየው ሆዱን አስቀድሞ ይራመዳል፤ እንግዳዋ ስልኳን ዓይኗ ላይ ተክላለች።

“እማማ! የኔ ቆንጆ እማማ!” አለች እንግዳዋ። “ቀና ይበሉልኝ። እሰይ! ... እርስዎ፣ እዚያ ታች ያሉት፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ፣ ጥላ ሆኑብን።”

እናቷ በጉልበቷ ፈቀቅ አለች።

“እኚህ ደግሞ ማን ናቸው?” አለ ሰውየው።

ቀማሿ ወንድሟን አየችው። እሱም አያት። ሁለት ቃል ነው። አፉ ተከፈተ፤ ከንፈሩ የመጀመሪያውን ቃል ሲጀምር ያየች መሰላት።

“ልብስ ሰፊያችን ናቸው” አለ።

ናቸው። ከተወለደ ጀምሮ “አንቺ” ሲላት የኖረው ልጅ እናቱን አንቱ ያላት ያን ቀን ነው። አክብሮት እንዲህ ሲመጣ ከስድብ ይከፋል።

“ውይ፣ የራሳችሁ ልብስ ሰፊ!” እንግዳዋ ስልኳን አነጣጠረች። “በእጃቸው! ይህንንም ታሪኩ ውስጥ አስገቡት እንጂ!”

“እናስገባለን” አለ ወንድሟ።

እናቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ጉልበቷን ይዛ ተነሳች፤ የቀሚሱን ጫፍ ሳብ አድርጋ አስተካከለች።

“አለቀ” አለች ለሴትዮዋ። “ሲያጥቡት ለብ ባለ ውሃ ይሁን። ፀሐይ ላይ አያስጡት፣ ሰማያዊው ይሸሻል።”

ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ወሽቃ ወጣች።

ሁለቱም ጎማ ቤቱን አለፉ፣ መብራት አጥፍቶ የሚያበላውንም አለፉ።

“እጽፈዋለሁ” አለች ቀማሿ። “የሳሙናዋንም፣ የማይጋገረውንም ሊጥ፣ ሁሉንም። ነገ ከመስኮቱ ፊት የሚቆም ሰው አይኖርም።”

“እንዳትጽፊ።”

“እማዬ! ሰው ፊት ካደሽ እኮ!”

“ምን ዋሸ? ልብስ ሰፊ ነኝ።”

“አሁን ይህን ለኔ ትይኛለሽ?”

“አንቺ ደግሞ ለእናትሽ ምጥ አታስተምሪ። እንጀራው ነው፣ እንዳትነኪበት።” ትንሽ ተራመደችና ቆመች። “የምግቡ ሽታ ግን ጥሩ ነው። ከኔ ይሻላል።” ሳቅ ብላ ነበር፤ ሳቁ ግን ዓይኗ ጋ አልደረሰም። “ቀሚሱን ቢጠይቀኝ እሰጠው ነበር እኮ። መጠየቅ ምን ያስከፍላል? አስፍቼ፣ በልኳ አድርጌ እሰጠው ነበር።”

ቤት ሲደርሱ ድንች ቀቀለች። ድንጋይ ሆነ። ጨው ነስንሰው በሉት።

ቀማሿ በስፌት መኪናው አጠገብ ኮምፒውተሯን ከፈተች። አዘጋጁ “ሰባተኛው የታል?” ብሎ ጽፎላታል። ባዶውን ቦታ ለረጅም ጊዜ አየችው። “ሐቀኛ” ብላ ጻፈችና ቃሉ ሲያፈጥባት አጠፋችው። እውነቱን ልጻፍ አለች፤ እናቷ ጀርባዋን ሰጥታ የሌላ ሰው ልጅ ሱሪ ታሳጥራለች። ወንድሟን ለማዋረድ የሚሆን አንድ ገጽ ሙሉ ቃል ነበራት፤ ሁሉም የሰላ፣ ሁሉም የተማረ። ነገር ግን ያ ገጽ ቢወጣ ሰው የሚያየው እንደገና ወለል ላይ የተንበረከከችውን ሴት ነው።

ሰባተኛውን ቁጥር ሰረዘችው። ከርዕሱ ላይ “ሰባት” የሚለውን አጥፍታ “ስድስት” ብላ ላከችው።

ከዚያ ስልኳን አነሳችና ለወንድሟ ጻፈች፦ “ቀሚሱን መልስላት። በሰው አትላከው፣ ራስህ ይዘህ ና።”

መነበቡን የምታሳየው ምልክት ወዲያው ታየች።

“ማነው?” አለች እናቷ፣ ከመኪናው ቀና ሳትል።

“ከሥራ ነው።”

እናቷ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ሱሪውን የምትሰቅልበት ፈለገች። ሰማያዊው ቀሚስ ይሰቀልበት የነበረው ባዶ መስቀያ እጇ ገባ፤ አየችውና መልሳ ቦታው ላይ ሰቀለችው፣ ሱሪውን ወንበር ላይ አጠፈችው።

ስልኩ በዚያም ቀን፣ ከዚያም በኋላ፣ ምንም አላለም።