ለባዕድ የተሰጠው ዜማ

የዜማ መምህር የነበረው ወንድሜ ኡስታድ መርዳን ኻን፣ በራምፑር ከተማ ሳለን፣ ከአያቶቻችን የወረሰው አንድ የንጋት ዜማ ነበረው። ለልጁ ለሙከረም ሲያስተምረው በሩን ይዘጋል፣ በጉባኤም አያዜመውም፤ ከበሮ መቺው እኔ ቡንዱ እንኳ ደጅ እቀመጥ ነበር። የቤትን ዜማ ለባዕድ ደቀ መዝሙር አጣሞ መስጠት በዘመናችን ነውር አልነበረም። ስለዚህ ዐሥራ አራት ዓመት ውሃ ቀድቶ፣ የትምባሆ ጋያውን ሞልቶ ላገለገለው ለኬሻቭ፣ ዜማው ወደ ላይ የሚወጣበትን ቦታ ለውጦ ሰጠው፤ ይህንም የነገረኝ ራሱ ነው።

«ጋሼ፣ ኬሻቭ ስንት ዘመን አገለገለህ፤ ትክክለኛውን ብትሰጠው ምናለ?» አልሁት አንድ ቀን።

«አንተ ከበሮህን ምታ። ያገሩ ሰው ሁሉ ሲያላዝንበት ለልጄ ምን ልተውለት?»

ከበሮዬን መታሁ። ያን ጊዜ መታዘዜ ትሕትና መስሎኝ ነበር፤ ፍርሃት ነበር።

ሙከረምን ኮሌራ በሁለት ቀን ወሰደው። በአርባው ቀን ወንድሜን ሽባነት ግማሽ አካሉን መታው፤ አንደበቱ ተዘጋ። ግራ እጁና አንገቱ ብቻ ይታዘዙለት ነበር።

ኬሻቭ ይህን ሰምቶ፣ ትምህርቱን ጨርሶ ከሄደበት ከቦምቤይ መጣ። ከአልጋው አጠገብ ተቀምጦ፣ ሊያጽናናው ያንኑ ዜማ አነሣ፤ እኔም ከበሮዬን ያዝሁ። ከተጣመመው ቦታ ሲደርስ የወንድሜ ግራ እጅ ብድግ አለ። በእኛ ጉባኤ እጅ ማንሣት ምስጋና ነው፤ የተመሰገነም ያንኑ ይደግማል። ኬሻቭ ፊቱ በርቶ ደገመው። እጁ አሁንም ተነሣ። አስጊጦ ደገመው። የወንድሜ እንባ ትራሱ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር።

«ጋሼ ቡንዱ፣ እዚች ጋ ሲደርሱ ከበሮው ላይ እጅዎ ሁሌ ይዝላል። ሸመገሉ መሰለኝ» አለኝ ኬሻቭ፣ እንባው የደስታ መስሎት እየሳቀ።

«እጄ ደህና ነው። ዜማው ነው የተጣመመው።»

ሁሉንም ነገርሁት። ሳቁ ከፊቱ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ታዲያ ትክክለኛው እንዴት ነው?»

«አላውቅም፣ ልጄ። እኔ የማውቀው ምቱን ነው።»

ወደ አልጋው ዞረ። «የኔታ፣ እንዲህ ነው?» ብሎ በሌላ መንገድ አዜመው። ወንድሜ በአንገቱ አዎን አለ። ኬሻቭ ሌላ ሞከረ፤ አዎን አለ። ስምንት መንገድ ሞከረ፤ ስምንቱንም አዎን አለ። ረስቶት ይሁን፣ ወይም ስምንት ጊዜ ይቅርታ እየለመነ ይሁን፣ የምናውቅበት መንገድ አልነበረንም።

ኬሻቭ በመጣ በዐሥረኛው ቀን ወንድሜን ቀበርነው። ዘሩን ከጎረቤት ሰውሮ በጎተራ ያኖረ ሰው፣ ነቀዙን ነው የመገበው።

ኬሻቭ ቦምቤይ ውስጥ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ እኔንም ከበሮ እንድመታ ወሰደኝ።

«የቱን ልታስተምራቸው ነው?» አልሁት።

«የተሰጠኝን ነዋ። ሌላ ምን አለኝ፣ ጋሼ?»

አርባ ልጆች ያንን ዜማ በደብተራቸው ጽፈውታል። አንዱ እያዜመ ከዚያች ቦታ ሲደርስ፣ ሌሎቹ በአድናቆት እጃቸውን ያነሣሉ፤ እርሱም ይደግመዋል። እኔም እመታለሁ።