ከሰባት ሰዓት እስከ ሰባት ተኩል

ዶን ባልዶሜሮ ሳይነግር መጣ። የማሽን ክፍሌን በር ሲከፍተው መጽሐፉን የምደብቅበት ጊዜ ስላልነበረኝ ተቀመጥኩበት።

ተቆጣጣሪያችን ነው። ከሁለት ወር በፊት የሌላኛውን ኮረብታ አሳንሰር የሚያንቀሳቅሰውን ባልደረባዬን ጋዜጣ ሲያነብ አግኝቶት በዚያው ሰዓት ቁልፉን ተቀብሎ አሰናብቶታል። ማንበብ ክልክል ነው የሚለው ማስታወቂያ ከራሴ በላይ ተለጥፏል።

«ቀጥል፤ እኔ እንደሌለሁ ቁጠረኝ» አለኝና በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ከታች ሁለት ጊዜ ተደወለ። ሁለት ደወል ሂድ ማለት ነው፤ አንድ ደወል ቆይ፣ ሰው እየሮጠ ነው። ፍሬኑን ለቀቅኩ። በዳገቱ ሐዲድ ላይ በአንድ የብረት ካቦ ከተያያዙት ሁለት ፉርጎዎች አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። መቶ ስልሳ ሁለት ደረጃ ያለውን ዳገት የእኛ አሳንሰር በሰማንያ ሴኮንድ ይጨርሰዋል፤ ከዚያ ሰው እስኪሞላ ሦስት አራት ደቂቃ ይቆማል። የእኔ ንባብ ያቺው ነበረች። ቤት የምተኛው ከእህቴ ሦስት ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ነው። ከዚህ ስወጣ በእህቴ ባል መጋዘን ጠርሙስ ስደረድር እስኪመሽ እቆያለሁ። በመላው ቫልፓራይሶ አንድ ገጽ ተረጋግቼ የምገልጥበት ቦታ ይህ ወንበር ብቻ ነበር። ቁልፉን ከተቀበለኝ የማጣው ደሞዙን ብቻ አይደለም።

ካቦው ላይ የተቀባው ቀይ ምልክት ሲደርስ ፍሬኑን ያዝኩ። ፉርጎው ከመድረኩ እኩል ቆመ። ዶን ባልዶሜሮ አንገቱን አስግጎ አየ። የመጽሐፉ ጠርዝ ጭኔን ይወጋኛል።

ይህን ጊዜ ጎረቤቴ ዶኛ ኦቲሊያ በመስኮቱ ብቅ አሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ቢሆንም በየቀኑ ገበያ ሳይወርዱ አይውሉም።

«እንዴት አደርክ ልጄ? ሰዓት ሠሪው ሚስቱን አገኛት?»

የፍሬኑን እጀታ መጥረግ ጀመርኩ።

«ትናንት ባቡር ጣቢያ ደርሶ ነበር እኮ። ዛሬ ስንት ገጽ ሄድክ?»

በዓይኔ ወደ በሩ ጠቀስኳቸው።

«ዓይንህን ደግሞ ምን ነካው? በሻይ እጠበው» አሉና ፉርጎው ውስጥ ገቡ።



«እስኪ ተነስ» አለ ዶን ባልዶሜሮ።

ተነሳሁ። መጽሐፉን አንስቶ በመዳፉ መዘነው። «ሞቋል» አለ፤ «እንቁላል ቢሆን ይፈለፈል ነበር።»

«ፉርጎው ሲንቀሳቀስ አላነብም፣ ዶን ባልዶሜሮ።» እውነት ነበር፤ ከሞላ ጎደል።

«ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው። ቁልፉን አምጣ።»

እጁን ዘረጋ። ከታች ሁለት ጊዜ ተደወለ። ሁለታችንም አልተንቀሳቀስንም። ደወሉ ተደገመ። ታች ቲኬት የምትቆርጠው ያስና ምን እያሰበች ይሆን? ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁት። ሰጥቼው መሄድ ነበር የቀረኝ፤ አፌ ግን ሌላ ነገር ተናገረ።

«የምሳ ሰዓቴን ይስጡኝ።»

«ምንህን?»

«ሕጉ ግማሽ ሰዓት ይፈቅድልኛል። የሚተካኝ ስለሌለ አራት ዓመት ሙሉ በአንድ እጄ ፍሬን፣ በአንድ እጄ ዳቦ ይዤ ነው የበላሁት። ከሰባት እስከ ሰባት ተኩል አሳንሰሩ ይቁምልኝ። መጽሐፍ ከዚህ ክፍል ይውጣ፣ እሺ፤ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አነባለሁ።»

ሳቀ። «በሰባት ሰዓት? ኮረብታው በሙሉ ከነድንቹ በእግሩ ሊወጣ?»

ከዚያ ሳቁን አቆመ። ሕጉ ምን እንደሚል ከእኔ ይበልጥ ያውቀዋል። ጥቂት አሰበና ፈገግ አለ፤ ከቁጣው ይልቅ ፈገግታው አስፈራኝ።

«ይሁን። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። ስለዚህ ነገር በቅሬታ መዝገቡ ላይ አንድ ሰው እንኳ ከጻፈ ዓርብ ዕለት ቁልፉን ታስረክበኛለህ፤ በፈቃዴ ለቀቅኩ ብለህም ትፈርማለህ።»

መጽሐፌን መለሰልኝና ሄደ። የቅሬታ መዝገቡ ታች በያስና መስኮት ላይ በሲባጎ ተንጠልጥሏል። የእኛ ሰፈር ሰው ቅሬታ ለመጻፍ አይሰንፍም፤ አምና ፉርጎ ውስጥ ስለተኛች ድመት አንዱ ሁለት ገጽ ሞልቷል።

ረቡዕ በሰባት ሰዓት «ምሳ» የሚል ካርቶን ሰቅዬ የደረጃው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው እያለከለከ በጉልበቴ አጠገብ ያልፋል።

«ደህና ነው መጽሐፉ?» አለኝ ዳቦ ጋጋሪው።

«ደህና ነው።»

«ይሁና፤ በእኛ ሳንባ የተገዛ ነው።»

ሰባት ተኩል ሲሆን ወደ ክፍሌ ገብቼ ለያስና ስልክ ደወልኩ። «ጻፉ?»

«አንዱ እስክሪብቶ ጠየቀኝ፤ ቀለሙ አልቋል አልኩት» አለች። ሐሙስም ያንኑ አለች፤ ግን ድምጿ ፈዝዟል። «ሰዉ ተቆጥቷል፣ ኤሊየሴር። ነገ ደግሞ ዶን ባልዶሜሮ ራሱ እዚህ ሊቆም ነው።»

ዓርብ ቁልቁል ሳይ ዶን ባልዶሜሮ መዝገቡ አጠገብ ቆሟል። የራሱን እስክሪብቶ ከፍቶ ለመጣው ሁሉ ይዘረጋል። ሰዎች ወደ ዘንቢላቸው ያመለክታሉ፣ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፣ ደረጃውን ይጀምራሉ። አንዱን መስመር አምስት ጊዜ አነበብኩት፤ ምን እንደሚል ዛሬም አላውቅም።

ከዚያ ዶኛ ኦቲሊያ ደረሱ። ዘንቢላቸውን መሬት አስቀመጡ። እስክሪብቶውን ተቀበሉ።

ብዙ ጻፉ። ገጽ ሲገልጡ አየሁ። ዶን ባልዶሜሮ ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ነሳቸው።

መውጣት ጀመሩ፤ ሃምሳኛው ደረጃ አካባቢ ቁጭ ብለው አረፉ። እንደገና ተነሱ፣ እንደገና አረፉ። መጽሐፉን ትቼ ሮጬ ወረድኩና ዘንቢሉን ያዝኩ።

«ልቀቅ» አሉኝ። «ግማሽ ሰዓትህ አላለቀም።»

«ዶኛ ኦቲሊያ፣ ምን ጻፉ?»

«ያየሁትን።» ትንፋሻቸው ተቆራረጠ። «እንድዋሽልህ ፈልገህ ነበር?»

 ዘንቢሉን አልለቀቅኩም፤ እሳቸውም አልለቀቁም፤ ሁለታችን አንድ ዘንቢል ይዘን ጫፉ ደረስን። እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። በዚያች ደቂቃ መጽሐፉን ጠላሁት።

ሰባት ተኩል ላይ ክፍሌ ገባሁ፤ ሁለት ደወል ተሰማ። ያወጣሁት ዶን ባልዶሜሮን ነበር። መዝገቡን ከነሲባጎው ነቅሎ በብብቱ ይዞታል። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

«አንብበው» አለኝ።

የዶኛ ኦቲሊያ ጽሑፍ ትልቅና የተንጋደደ ነው። ከመቶ አሥረኛው ደረጃ በላይ መደገፊያው ብረት ተነቅሏል ይላል። የተሰበሩት ደረጃዎች በቁጥራቸው አንድ በአንድ ተዘርዝረዋል። ሰዉ ሁልጊዜ በአሳንሰር ስለሚወጣ ማንም ሳያያቸው ቀርተዋል፤ አንድ ቀን የሰው አንገት ይሰብራሉ፤ ይህን የጻፍኩት ረቡዕና ሐሙስ በእግሬ ወጥቼ አይቼ ነው ይላል። ስለ ምሳ አንድ ቃል የለም።

«ቅሬታ ነው» አለ ዶን ባልዶሜሮ።

«ስለ ደረጃው ነው። ደረጃው የማዘጋጃ ቤት ነው።»

«ሌላ ማንም አልጻፈም። አሥራ አንድ ሰው እጄ ሙሉ ነው አለኝ።» መዝገቡን ዘጋው። ቁልፉን ለረጅም ጊዜ አየውና በአንድ ጣቱ ወደ እኔ ገፋው። «ግማሽ ሰዓትህ ይቆይልህ። መጽሐፍ ግን እዚህ ክፍል አይገባም።»

«አይገባም።»

እንዳልኩት አደረግኩ። መጽሐፉን በመስኮት ለዶኛ ኦቲሊያ አቀበልኳቸው፤ ዘንቢላቸው ውስጥ ከድንቹ አጠገብ ከተቱት።

«ሰኞ በሰባት ሰዓት አመጣልሃለሁ» አሉ። «ምልክትህን አልነካም። እያነበብኩ ቀድሜህ ብሄድ ግን አትቀየመኝ፤ እኔን እንዳንተ ደወል አያቋርጠኝም።»