ለወጉ ያህል

ከመስታወት በሩ ማዶ የሥራ አስኪያጁ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። «ነገሩ አልቋል፤ የምናስገባት ለወጉ ያህል ነው።»

ሸማኔዋ ደጅ ቆማ ቃሉን ከከንፈሩ ላይ ለቀመችው። ማሽኖቹ ሲጮኹ በሚውሉበት አዳራሽ ጆሮ ሥራ ፈት ነው፤ እዚያ የሚሠራ ሁሉ በከንፈሩ ያወራል፣ በዓይኑ ይሰማል። ሐሜቱም ቀልዱም ያለ ድምፅ ነው። ልማዱ ቤት ድረስ ይከተላታል። ዛሬ ጠዋት እንኳ ታናሽ እህቷ ሻይ እየቀዳች፣ «እትዬ፣ ድምፅሽን ዛሬም ፋብሪካ ረስተሽው መጣሽ?» ብላ ቀልዳባት ነበር። ወዲያው ግን ሳቋ ጠፋ። «ስትጠየቂ ተናገሪ እንጂ። ካባረሩሽ ወዴት እንገባለን?»

«ግቢ» አላት ጸሐፊው።

ቢሮው ከአዳራሹ በላይ የተንጠለጠለ የመስታወት ሣጥን ይመስላል። ሥራ አስኪያጁ ጀርባውን ለአዳራሹ ሰጥቶ ተቀምጧል። ከኋላው፣ ወደ ታች፣ የጥጥ ብናኝ በብርሃኑ ውስጥ ቀስ እያለ ይዋኛል፤ ሰዎቹም ማሽኖቹም ውኃ ሥር ያሉ ይመስላሉ።

«ማሽንሽ እየሠራ ጥለሽው ሄደሻል፤ ጨርቁ ተበላሽቷል። የምትይው አለሽ?» አላት፣ ዓይኑን ከሰዓቱ ሳያነሣ።

የምትለው ነበራት። ከጎኗ የምትሠራውን ሴት ሻሿን ማሽን ነክሶ ሲጎትታት ሮጣ ማሽኑን ያጠፋችላት እሷ ናት። ሴትዮዋ ያው ታች ቆማለች፤ ምን ሆነሽ ነበር ብሎ የጠየቃት ግን የለም። ሸማኔዋ ይህን ሁሉ ተናገረች። የማሽኖቹ ንዝረት በወለሉ በኩል ወደ እግሯ ሲወጣ፣ ሰውነቷ አዳራሹ ውስጥ ያለች መስሎት ነበር። ከንፈሯ አንድም ሳያስቀር ዘረገፈው፤ ድምፅ ግን አልወጣትም።

ሥራ አስኪያጁ ቀና አለ። «ይኸው፣ የምትለው የላትም» አለው ጸሐፊውን።

እሷ ከትከሻው በላይ ታች ታይ ነበር። ፊቶች ሁሉ ወደ ላይ ዞረዋል። የሻሹ ሰንበር ከአንገቷ ያልጠፋው ሴት ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ «እኛ ሰምተናል። ለእነሱ ድገሚላቸው።» ከዚያም እጇን ሰድዳ ማሽኗን አጠፋች። አጠገቧ ያለው ማሽንም ዝም አለ። ቀጥሎ ሌላው፣ ከዚያ ረድፉ በሙሉ። ጸጥታው እንደ ጎርፍ ውኃ ደረጃውን እየወጣ መጣ፤ የጥጡ ብናኝ ብቻ መዋኘቱን አልተወም።

ሥራ አስኪያጁ ወንበሩን አዙሮ ወደ ታች ተመለከተ። «ምን ሆነው ነው?»

ከእግሯ ሥር ንዝረቱ ጠፍቶ ነበር። ሸማኔዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። በዚያ ፋብሪካ የራሷን ድምፅ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው፤ ከጠበቀችው ይልቅ ወፍራም ሆነባት።

«ከመጀመሪያው ልነሣ» አለች።